እነ አትንገሩን

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ገበያ የወጡት አራት ነበሩ፦ ቀለም ቀቢው፣ ባለቤቱ፣ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት ልጃቸውና የባለቤቱ እናት። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ገና ማባራቱ ነበር። ሻጮቹ በየድንኳናቸው ላይ የተጠራቀመውን ውኃ በእንጨት እየገፉ ሲያፈሱት፣ ከሥር የሚያልፈው ሰው አንገቱን ቀብሮ ይሮጣል።

ገበያው ትልቅ አይደለም። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ያለ፣ በሌላው ቀን መኪና የሚቆምበት ሜዳ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን በዙሪያው ካሉት መንደሮች ያመረቱትን ይዘው የሚመጡ ሰዎች ይሞሉታል። ድንችና ሽንኩርት ለሚፈልግ ከመንገዱ ማዶ ትልቅ ሱቅ አለ፤ እዚህ የሚመጣው ሱቁ የማያውቀውን የሚፈልግ ነው። ሐምራዊ ካሮት የሚሸጥ አለ። የዱባ አበባ በሳጥን ደርድራ «ዛሬ ካልበላችሁት ነገ የለም» የምትል ሴት አለች። የዳክዬ እንቁላል የሚሸጥ ሽማግሌ አለ፤ የእንቁላሉን ትልቅነት ለማሳየት አንዱን ሁልጊዜ በመዳፉ ይዞ ይቆማል፣ ያ አንዱ መቼም አይሸጥም። ባለፈው ወር ደግሞ አንድ ወጣት ለሳምንታት በሙቀት አቆይቶ ያጠቆረው ነጭ ሽንኩርት አምጥቶ ነበር። አማቲቱ አንዱን ፍሬ ልጠው አዩና፣ «ነጩ ከጠቆረ እንግዲህ ስሙን ማን ሊያወጣለት ነው?» ብለው ወጣቱን አሳፈሩት። ከቀመሱት በኋላ ግን ሁለተኛውን ፍሬ አነሡ።

«እነ አትንገሩን መጡ» አለ እንቁላል ሻጩ፣ ገና ከሩቅ ሲያያቸው።

ይህን ስም ያወጣላቸው ገበያው ነው። ነገሩ የተጀመረው ልጅቱ ትንሽ ሳለች ነበር። ያኔ የማታውቀውን ምግብ ወደ አፏ አታስጠጋም። ስሙን ከነገሯት «እሱን አልወድም» ትላለች፣ ቀምሳው ባታውቅም። አባቷ አንድ ቀን ቢቸግረው፣ «ስሙን እኔም አላውቀውም። ቅመሺና አንቺ ንገሪኝ» አላት። ቀመሰች፤ ጨረሰችውም። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ቤቱን ወረሰው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዳቸውም የማያውቁት ነገር ይገዛል፤ ሻጩም ስሙን እንዳይናገር ይለመናል። ሳምንቱን ሲበሉት ሰንብተው በሚቀጥለው ቅዳሜ ሻጩ ፊት ይቆሙና በየተራ ይገምታሉ። ያወቀ ሰው ለሳምንት ዕቃ ከማጠብ ይድናል።

ልጅቱ አድጋ ሁሉን የምትበላ ብትሆንም ዳኝነቱን አለቀቀችም። አማቲቱ ደግሞ አንድ ግምት ብቻ ነው ያላቸው፤ ዱባ ነው ይላሉ። አይብም ቢገዛ ዱባ ነው፣ የደረቀ ዓሣም ቢገዛ ዱባ አያጣውም። «አንድ ቀን ዱባ መሆኑ አይቀርም፤ እኔ እዚያው ቆሜ እጠብቀዋለሁ» ይላሉ። ሆነም ቀረ እሳቸውን ዕቃ እጠቡ የሚል ሰው በቤቱ የለም።

በዚያ ቅዳሜ በገበያው ጫፍ አዲስ ሻጭ ነበረች። ሃምሳውን ያለፈች፣ የወንድ ኮፍያ ያደረገች ሴት ናት። ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፋ፣ አፋቸው በጨርቅ የታሰረ ብልቃጦች ደርድራለች። ብልቃጦቹ ላይ ጽሑፍ የለም። ውስጣቸው ያለው ማርማላታ የሚመስል፣ ወፍራም፣ ጥቁር ሊባል ምንም ያልቀረው ነገር ነው።

«ይህ ም...» ብሎ ቀለም ቀቢው አፉን ያዘ።

«አባዬ» አለች ልጁ።

«አልጠየቅኩም።»

«ጀምረህ ነበር።»

«አፌ ነው የጀመረው። እኔ አስቆምኩት።»

ሴትዮዋ በማንኪያ ጫፍ አቀመሰቻቸው። መጀመሪያ ጣፋጭ ነው። ቀጥሎ ዝናብ የነካው አፈር የሚመስል ነገር ምላስ ላይ ይቀራል። ከዚያ ዝንጅብሉ ከኋላ መጥቶ ጉሮሮን ያሞቃል። ቀለም ቀቢው ዓይኑን ጨፈነ። ብዙ ነገር ቀምሷል፤ እንደዚህ ያለ ግን አልገጠመውም።

«ይህን ነው የምንገዛው» አለ። «ትልቁን ብልቃጥ።»

«እናንተ ናችሁ አትንገሩን የሚሏችሁ?» አለች ሴትዮዋ። «ጎረቤቶቼ ነግረውኛል። እሺ፣ ስሙን አልናገርም። ግን ስትበሉት አንድ ነገር እንዳ...»

ልጅቱ ሁለት ጆሮዋን ደፈነች። ባለቤቱም «ላ ላ ላ» እያለች ማዜም ጀመረች፤ በሥራ ቀን የአውቶቡስ ትኬት የምትሸጥ ቁጥብ ሴት ናት፣ ቅዳሜ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩን» አለ ቀለም ቀቢው እየሳቀ። «የሚገድል ነው?»

«ኧረ አይገድልም።»

«በቃ። የቀረውን ቅዳሜ ይነግሩናል።»

ሴትዮዋ ሌላ ልትል አፏን ከፍታ ነበር። እነሱ ግን ብልቃጡን በዘንቢል አድርገው ሄደዋል።

ያን ቀን ምሳ ላይ አራቱም በዳቦ ቀብተው በሉት። ባለቤቱ ፕሪም ነው አለች። ልጅቱ በአፏ አንከባልላ፣ «እንጆሪ ነገር ነው፤ ግን ያዘነ እንጆሪ» አለች። ቀለም ቀቢው በለስ ይመስለኛል አለ። አማቲቱም እጃቸውን ጠርገው፣ «የቆየ ዱባ ነው» አሉ። ሌሎቹ ከአንድ ቁራሽ በላይ አልሄዱም። ቀለም ቀቢው ግን ማታም ደገመ፣ ያለ ዳቦ በማንኪያም ሰለሰ። አማቲቱም ጥርስ ስለማይፈልግ ወደዱት።

እሑድ ጠዋት ቀለም ቀቢው ከሁሉ ቀድሞ ተነሥቶ ሽንት ቤት ገባ። ሽንቱ ቀይ ነበር።

ቆሞ አየው። ቀለም የሚለይ ሰው ነው። የጡብ ቀይ፣ የዝገት ቀይ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ቀይ፣ ሁሉንም በዓይኑ ቀላቅሎ ያወጣቸዋል። ይህኛው ግን ከባልዲ የመጣ አልነበረም። ውኃውን ለቀቀበትና እጁን ሁለት ጊዜ ታጠበ። በመስታወቱ ፊቱን አየ። ፊቱ የትናንቱ ፊት ነው፤ ይህም አላጽናናውም።

ሙያውን ያስተማሩት አንድ አዛውንት ቀቢ ነበሩ። እጃቸው እንደ ቆዳ የደደረ፣ የቀለም ማቅጠኛውን በባዶ እጅ የሚነኩ፣ «ጓንት ለሙሽራ ነው» የሚሉ። ሆስፒታል ተኝተው ሊጠይቃቸው ሲሄድ የነገሩትን አይረሳውም። «ሽንቴ መጀመሪያ ቀይ ሆኖ ነው የመጣው» ነበር ያሉት። «ማቅጠኛው ነው፤ ዕድሜ ልኬን ጠጥቼዋለሁ፣ በአፌ ባይሆን በቆዳዬና በአፍንጫዬ። አንተ ተጠንቀቅ።» ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም። እሱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓንት ያደርጋል፤ ግን ከዚያ ቀን በፊትም ብዙ ዓመት ሠርቶ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ። እነሆ ደረሰ አለ በልቡ።

ቁርስ ላይ ምንም አልተናገረም። ምግብ አልወርድልህ ቢለው ያን ጥቁር ማርማላታ በማንኪያ ወሰደ፤ እሱ ብቻ ያለ ግፊት ይወርድለታል። ሰኞም ቀይ ነበር። ማክሰኞም።

በዚያ ሳምንት የሚሠሩት የአንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ነበር። አብሮት የሚሠራው ሰው ረጅሙ ይባላል፤ መሰላል ሳይወጣ ጣሪያ ይቀባል፣ በበር ሲገባ ግን ለሁሉም በር ይሰግዳል። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ «ጥቁር ሊሆን የደረሰ አረንጓዴ» ስላዘዙ፣ ቀለም ቀቢው ባልዲው ላይ አጎንብሶ ሲያማስል ቆየ።

«ይህ ጥቁር ነው እንጂ የምን አረንጓዴ ነው» አለ ረጅሙ።

«ባልዲው ውስጥ ማንኛውም ቀለም ይዋሻል» አለ ቀለም ቀቢው። የአዛውንቱ ቃል ነው። በጣቱ ጫፍ ጠብታ አንሥቶ በነጭ ክዳን ላይ አሳረፈና ውኃ ጨመረበት። ጠብታው ሲቀጥን አረንጓዴ ሆኖ ተዘረጋ። «አየህ? ጥቁር መስሎ የተቀመጠ ቀለም ሲያቀጥኑት ነው የትውልድ አገሩን የሚናገረው።»

«ዛሬ ምነው ድምፅህ እንደ ኑዛዜ ሆነ?» አለ ረጅሙ።

ቀለም ቀቢው ማማሰሉን ቀጠለ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ነው የተነሣው፤ ሆዱም ይፈጀው ጀመር።

ረቡዕ ከሥራ ሲመለስ ከሰፈሩ መግቢያ ካለው ክሊኒክ ደጃፍ ቆመ። በየቀኑ የሚያልፍበት ቦታ ነው። ገባ። ነጭ ጋዋን የለበሰች ነርስ ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ፣ «ምን እንርዳዎት?» አለችው። ወንበሮቹ ላይ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ያዩት መሰለው።

«ግድግዳችሁን... ለመቀባት ዋጋ ልሰጣችሁ ነበር» አለ።

«አምና ነው እኮ የተቀባው።»

ቀለም ቀቢው ግድግዳውን ቀና ብሎ አየ። «ያስታውቃል» አለና ወጣ።

ውጭ ሲደርስ በራሱ ሊስቅ ፈልጎ አልመጣለትም። የሚያስፈራው ሕመሙ ብቻ አልነበረም። ሐኪም ስሙን ሲጠራለት ነገሩ ስም ያለው ሊሆን ነው። እስከዚያው ድረስ ምናልባት ሌላ ነገር ነው ማለት ይቻላል።

ቤት ሲገባ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ጠገነ። ሲጥ ሲጥ የምትለውን በር ዘይት ቀባት። ለዓመታት ነገ ሲባልላት የኖረች የተሰበረች መደርደሪያ ነበረች፣ እሷንም አቆማት። ከዚያ ባለቤቱን ጠርቶ ዋናው የውኃ መዝጊያ የት እንዳለ፣ ወደ የት እንደሚጠመዘዝ አሳያት።

«ለምን ነው የምታሳየኝ?» አለችው።

«ማወቅ ይጠቅማል።»

«አንተ እያለህ?»

መፍቻውን ወደ ሳጥኑ መለሰ። ደጋግማ አየችው። «አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል? ቤት የሚያሰናዳ ሰው ወይ እንግዳ ይጠብቃል፣ ወይ ይሄዳል።»

«የት እሄዳለሁ?»

«እኔ ምን አውቄ።»

ማታ እህሉን ገፋ አድርጎ ከብልቃጡ በማንኪያ ሲጨልፍ፣ አማቲቱ ከማዶ ተቀምጠው አዩት። እሳቸውም ማንኪያ ይዘዋል። «አንተም ይህችን ብቻ ነው የምትቀምሰው» አሉት። «ሆድ ያዘነ ጊዜ ጣፋጭ ይወዳል። ምን አዝነሃል፣ ልጄ?»

«ደክሞኝ ነው፣ እማማ።»

«ድካም ብቻ ይሁን» አሉ፤ አላመኑትም፤ ግን የሰው ነገር የሚቆፍሩ ሴት አይደሉም።

ሐሙስ ዕለት ሥራ ሲያበቁ ብሩሾቹን አጠበ። እነዚህ ብሩሾች ለሌላ ሰው የማያውሳቸው ናቸው። ፀጉራቸው እንዳይሰበር በጨርቅ ጠቅልሎ የሚይዛቸው፣ ከልጁ ዕድሜ እኩል የሆኑም ያሉባቸው። ጥቅሉን ለረጅሙ ሰጠው።

«ምንድን ነው?»

«ያዛቸው። ላንተ ይሁኑ።»

ረጅሙ ጥቅሉን ፈትቶ አየና ተመልሶ እሱን አየው። «ምነው፣ ልትመንን ነው?»

«አዲስ ልገዛ አስቤ ነው።»

«አንተ? ለእነዚህ ሚስትህን ባትሰጥም አማትህን ትሰጥ ነበር እኮ።»

ረጅሙ ቀልዱን ጀምሮ መሀል ላይ ተወው፤ የጓደኛው ፊት ለቀልድ አልተመቸም። ብሩሾቹን መልሶ ጠቀለላቸውና በሁለት እጁ ያዛቸው።

ቅዳሜ ደረሰ። ቤተሰቡ ለገበያ ሲነሣ ቀለም ቀቢው ወገቤን አሞኛል ብሎ ቀረ። ጨዋታው ከተጀመረ ጀምሮ ቀርቶ አያውቅም። ባለቤቱ ዘንቢሉን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቆየች፣ አንድ ነገር ልትል አስባ እናቷንና ልጇን ስታይ ተወችው።

«ግምትህን ለማን ትተዋለህ?» አለች ልጁ።

«በለስ ብያለሁ። አልቀይርም።»

«እኛ ስንመለስ ዕቃው ታጥቦ እንዲቆየን» አለች። የሱ ሳምንት ነበር።

ቤቱ ጭር ሲል ወደ ኩሽና ሄደ። ሲመለሱ ለባለቤቱ ሊነግራት ቆርጧል፤ ቃሉን ሳህን እያጠበ ያዘጋጃል። «ስሚኝ፣ አትደንግጪ» ብሎ ሊጀምር አሰበ። አትደንግጪ ያሉት ሰው የበለጠ እንደሚደነግጥ ትዝ አለውና ተወው። «አንድ ነገር ልንገርሽ» ሊል አሰበ። ሳህኖቹ አለቁ፣ ብርጭቆዎቹም አለቁ፤ ቃሉ ግን አልመጣም።

ብልቃጡ ብቻ ቀረ። ጠዋት የመጨረሻውን በማንኪያ ጠርጎ በልቶታል፤ ከሥሩ ትንሽ ጥቁር ነገር ተጣብቆ ቀርቷል። ውኃ ሞላበት፣ ነቀነቀው፣ ነጩ የመታጠቢያ ሳህን ላይ ደፋው።

ውኃው ቀይ ሆኖ ተዘረጋ።

እጁ አየር ላይ ቀረ። ቧንቧው ይፈሳል፤ ውኃው እየቀጠነ ሲሄድ ቀይነቱ ወደ ጽጌረዳ ያደላ ጀመር፤ ዳር ዳሩ ላይ ሐምራዊ የሚመስል ጥላ አለው። ይህን ቀለም ያውቀዋል። ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት አይቶታል። ተመሳሳዩ ሳይሆን ራሱ ነው፤ በቀለም ጉዳይ ዓይኑ ዋሽቶት አያውቅም።

ቧንቧውን ዘጋ። ከብልቃጡ ሥር በጣቱ ጫፍ ጠብታ አንሥቶ በነጭ ሳህን ላይ አሳረፈና ውኃ ጨመረባት። ጥቁሯ ጠብታ ተዘርግታ የትውልድ አገሯን ተናገረች።

ያን ጊዜ ብልቃጡን እንደያዘ በነጠላ ጫማ ወጣ። በሩን ይዝጋ አይዝጋ አላወቀም። የአውቶቡስ መናኸሪያውን ጥግ ሲዞር አንዱ ጫማው ከእግሩ ወጣ፤ ተመልሶ አጠለቀው፤ ደግሞ ሮጠ። ሰው ያየዋል። እጁ ላይ የሳሙና አረፋ አለ።

ቤተሰቡ በኮፍያዋ ሴት ጠረጴዛ ፊት ተሰልፎ ነበር። ልጅቱ፣ «አባዬ በለስ ብሏል፣ እኔ እንጆሪ፣ እማዬ ፕሪም» እያለች ታስመዘግባለች። አማቲቱ ተራቸውን እየጠበቁ ናቸው።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ቀለም ቀቢው ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ።

ሁሉም ዞሩ።

«አባዬ!» አለች ልጁ። «እማማ ገና አልገመቱም።»

«ምንድን ነው፣ እመቤቴ? ከምን ነው የሠሩት?»

ሴትዮዋ ጫማውን፣ እጁን፣ ፊቱን አየች። ኮፍያዋን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች። «ቀይ ሥር ነው» አለች። «በስኳርና በዝንጅብል እስኪጠቁር ቀስ ብዬ የማንተከትከው ቀይ ሥር ነው።» ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት፣ ግን ሦስት ድንኳን በሚሰማ ድምፅ፣ «ሽንትዎን አቅልቶ አስደነገጠዎት እንዴ?» አለችው።

እንቁላል ሻጩ ፈጥኖ የራሱን በርጩማ ከኋላው ባያስጠጋለት ቀለም ቀቢው መሬት ይቀመጥ ነበር።

«ሳምንቱን ሙሉ ዕረፍት አጥቼ ነው የሰነበትኩት» አለች ሴትዮዋ፤ አሁን ለሁሉም ነው የምትናገረው። «ለገዛኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይህን ነው። ሁሉን አይነካም፤ አንዳንዱን ሰው ግን ቀይ በቀይ ያደርገዋል። እናንተ አላናግር አላችሁኝ! አንዷ ጆሮዋን ደፈነች፣ አንዷ ዘፈነች። የት እንደምትኖሩ እንኳ አላውቅ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ መጀመሪያ የሠራሁ ጊዜ በልቶ ወንድሞቹን ሰብስቦ መጋዙን ለአንዱ፣ ብስክሌቱን ለሌላው አካፍሎ ነበር።»

«ብሩሾቼ» አለ ቀለም ቀቢው በቀስታ።

«ምን?» አለች ባለቤቱ።

«ብሩሾቼን ለረጅሙ ሰጠሁት።»

ባለቤቱ ቧንቧውን፣ በሩን፣ መደርደሪያውን፣ የውኃ መዝጊያውን አንድ በአንድ ስታያይዝ ከፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ዘንቢሉን አነሣችና ትከሻውን መታችው። ባዶ ስለነበር አላመመውም። ደግማ መታችው።

«ሳምንቱን ሙሉ? ሳምንቱን ሙሉ አብረኸኝ እየተኛህ?»

«እንዳትደነግጪ ብዬ...»

«እኔ እኮ ሌላ ሴት ይዞ ሊሄድ ነው ብዬ ነበር! የውኃ መዝጊያ የሚያሳየኝ ጸጸት ይዞት ነው ብዬ!»

«እና ሌላ ሴት ብትሆን ይሻልሽ ነበር?»

«እሷን እንኳ ጸጉሯን እይዛታለሁ» አለችና አጠገቡ ተንበርክካ ራሱን በደረቷ አቀፈች። የሳሙናው አረፋ ልብሷን ነካው። ሁለቱም እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ፣ ከውጭ ለሚያያቸው ሰው አይለይም ነበር።

እንቁላል ሻጩ የማይሸጠውን እንቁላል ወደ መዳፉ መለሰ። «እኔማ ሲሮጥ ሳየው ሌባ መስሎኝ ደበቅኩት» አለ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ አማቲቱ። «ቀይ የሚያደርገው ይህ ነው እንዴ?»

«ይህ ነው፣ እናቴ» አለች ሻጯ።

«እኔም እኮ ከእሑድ ጀምሮ ቀይ ነው የማየው።»

ባለቤቱ ባሏን ለቅቃ ወደ እናቷ ዞረች። «እማማ! እርስዎም? ለምን አልነገሩንም?»

«ምን ብዬ? ዕድሜ ነው ብዬ ዝም አልኩ» አሉ አማቲቱ። «በዚህ ዕድሜ የማይቀየር ምን አለ? ጸጉሬ ነጣ፣ ጥርሴ ጠፋ። እሱም ልቅላ ካለ ይቅላ አልኩ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ልጅቱ ናት። ከዚያ ሻጯ፣ ከዚያ የዱባ አበባ ሻጯ፣ በመጨረሻ ቀለም ቀቢው ራሱ። ሲስቅ ደረቱ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ተቀምጦ የነበረ ድንጋይ ተንከባሎ ሲሄድ ተሰማው። ዳቦ አሰኘው። ከእሑድ ወዲህ ሲርበው ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ስሙኝማ» አለች ሻጯ፣ ጣቷን አንሥታ። «ይህን ሳይበሉ ቀይ ካዩ ወደ እኔ አይምጡ፣ ወደ ሐኪም ይሂዱ። አሁንም ቢሆን ሄደው ይታዩ። ብሩሾቼ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ቀለም ሲሠሩ የኖሩ ሰው ነዎት።»

«ሰኞ እሄዳለሁ።»

«እኔ ነኝ የምወስደው» አለች ባለቤቱ። «ይህ ሰው ለሐኪምም አትንገሩኝ ይላል።»

ልጅቱ ጉሮሮዋን ጠረገች። ዳኛ ሆና ነው የቆመችው። «ፍርድ አለ» አለች። «ቀይ ሥር ያለ የለም። አባዬ ደግሞ ግምት ሳያልቅ ጠይቆ ሕግ አፍርሷል። ስለዚህ የሚመጣውን ሳምንት ዕቃ ሁሉ አባዬ ነው የሚያጥበው። አዲስ ሕግም አለ፤ ሻጭ ስሙን አይናገር እንጂ የሚያስጠነቅቀው ካለው ሁላችንም ጆሯችንን ከፍተን እንሰማለን።»

«እኔ እኮ አልገመትኩም» አሉ አማቲቱ።

«ተነግሯል እኮ፣ እማማ። ቀይ ሥር ነው።»

«ይሁን። ዱባም አያጣውም።»

ሻጯ ቀና ብላ አየቻቸው። «እንዴት አወቁ?» አለች። «እንዲወፍር ብዬ ጥቂት ዱባ እጨምርበታለሁ።»

አማቲቱ መቀነታቸውን አጠበቁ፣ ቀና አሉ፣ ወደ ዳኛዋ ዞሩ። «እኔ እንግዲህ ለሳምንት ዕቃ አላጥብም» አሉ።

ቀለም ቀቢው ሁለተኛ ብልቃጥ ገዛ። ቤት ሲደርሱ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ቆያቸው፤ ከቤቱ የጠፋ ነገር አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ከባለቤቱ ጋር ወደ ክሊኒኩ ሄደ። ነርሷ አውቃው፣ «ዛሬም ለግድግዳው ነው?» አለችው። ተመረመረ፤ ምንም አልተገኘበትም። አማቲቱም ታዩ፤ ደህና ናቸው ተባሉ። ረጅሙ ማክሰኞ ዕለት ብሩሾቹን መለሰለት፤ ሰፊውን ግን ለራሱ አስቀረው።